አምስት መቶ ኪሎ

ከመግዛቴ በፊት ጣራዬን አየሁት፤
የባህር ዛፍ ወራጅ፣ አባቴ ሲሠራው ሚስማር ያቀበልሁት።
ምስጥ ቀምሶታል፣
ሐምሌ በገባ ቁጥር ያስለዋል።
ከዚህ ላይ ፓራንኮ ሰቅዬ ብስብ
ሞተሩ ካለበት ንቅንቅ ሳይል፣ ቤቱ ነው በላዬ የሚሰበሰብ።

ክሪክ አለኝ፤ ስንዝር ነው ችሎታው።
ለጎማ ነው እንጂ
ለወፍጮ ሞተር የት ይደርሳል ከፍታው።
ክሬን ልከራይ ብዬ ፋብሪካው ሰፈር ደወልሁ፤
ዋጋውን ሲነግሩኝ
"ኔትወርኩ አይሰማም" ብዬ ስልኬን ዘጋሁ።

እስከዛሬስ በሰው ነበረ፤
ሦስቱ "ያ አላህ!" ሦስቱ "እመብርሃን!" እያሉ፣
ስድስት ጎረቤት፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ትንፋሽ፤
የቦርከና ዳር ወፍጮ ሁሉ እዚሁ ግቢ ነው የታከመ።
አንድ ቀን ገመዱ ተበጠሰ።
የአራጋው ግራ እግር ከሥር ነበረ።
ከዚያ ወዲህ አራጋው
ከተንጠለጠለ ነገር በታች አያልፍም፤
ለተሰጣ አንሶላ እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው።

ሰኞ በማለዳ ሐረጎን ወጣን፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፤
ከአሮጌ ራዲያተር፣ ከቁርጥራጭ ላሜራ ጉያ
ሙሄ ጎትቶ አወጣልን፣
ሰንሰለቱ የዛገ፣ መንጠቆው አፉን የከፈተ።
"አንድ ቶን ነው፣ ወላሂ!"
ማኅተሙን በምራቄ አሸሁት። አንድ ቁጥር አለች፤
ከሥሯ ጭረት።
የክፍልፋይ ሰረዝ ናት? ወይስ የመዶሻ ምት?
ሰረዝ ከሆነች ከታች የጠፋው ሁለት ነው፣ ወይ አራት።
አራጋው በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረጋትና
"ይቺ ጭረት እኮ" አለ፣ "እግሬን ታክላለች።"
በግማሽ ዋጋ ገዛን።
ሙሄ እየሳቀ አስረከበ፤ እኛ ሳንስቅ ተሸከምን።

ጣራው እምቢ ካለ ጣራ ከቱቦ ይሠራል።
ከውኃ ቱቦ ሁለት "ለ" በየድሁ፣
አናታቸው ላይ አግዳሚ ብረት ጫንሁ፤
ቆመ። አማረ። በበሩ ግን አልወጣ አለ፣
በአንድ ክንድ ከፍ ብሎ።
ዘሀራ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን።
"ብረቱን ቁረጡ" አለች፣ "በሬን የነካ ግን እኔን ነካኝ።"
ቆረጥሁ፤ ቱቦን በቱቦ ውስጥ አጎረስሁ፣
በፒን የሚቆለፍ፣ ብድግ ቁጭ የሚል አደረግሁ።
አሁን እንደ ሰጋጅ ጎንበስ ይልና
በሩን አልፎ ቀና ይላል።

ጎማው ሌላ ጣጣ።
ከሆስፒታል አልጋ የተፈታ ገጠምሁ፤
የግቢዬ ስንጥቅ ዋጠው።
በሽተኛ የለመደ ጎማ ሞተር አይገፋም።
የጋሪ ጎማ አመጣሁ፣ ኩሽኔቱን ቀየርሁ።

ከዚያ ፈተና፤
አሥራ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ከጎረቤት ውሰት፣
አንድ ላይ ታስሮ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ።
ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሠመርሁና
አደረ።
ጠዋት ጭነቱ አንዲት ጣት ወርዷል።
አንዲት ጣት! ሌላ ሰው "ምን አላት" ይላል፤
እኔ አራጋውን አላየሁትም፣
እሱም እግሩን አላየም።
አራገፍን። ሆዱን ከፈትሁት፤
የፍሬኑ ሸራ በግራሶ ሰክሯል።
ከአሮጌ ኤንትሬ ሸራ ቆርጬ አዲስ አለበስሁት፣
አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ መልሼ ሰቀልሁ።
ያን ሌሊት ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት መኪኖች
መሬቱን ሲያንቀጠቅጡት አልተኛሁም።

ጎህ ሲቀድ አራጋው ቀድሞኝ ደርሷል፤
ከሩቅ በሆዱ ተኝቶ
በከረጢቱና በመሬቱ መሐል ያለውን ብርሃን ይለካል።
መስመሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።
ቀለምና ቡሩሽ ሰጠሁት።
"አንድ ቶን በል፣ ደንበኛ ይመጣል።"
ሰማኝ፣ ዝም አለ፣ ጻፈ፤

500 ኪሎ
ከሥሩ አትቁሙ

"አትቁሙ"ን ሁለት ጊዜ ደገመባት፣ ቀለሙ እስኪንጠባጠብ።
ከዚያ ቡሩሹን ሊመልስ ሄደ፣
በረጅሙ ዞሮ።